የቱ ስታቲስቲክስ? ሦስት የትውልድ ሐረጎችና አንድ የማስተርስ ምርጫ

የመጽሔቱ አዘጋጆች «ታሪክ ነክ የሆነ ነገር ጻፊልን» ሲሉኝ ስለ ኮሌጃችን ምሥረታ ልጽፍ አስቤ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 ደምቢያን የመታው የወባ ወረርሽኝ ሺዎችን እንደፈጀ፣ በ1947 ዓ.ም. ደግሞ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እንደተከፈተ ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ ስንሰማው የኖርነው ነው። ሳልጀምረው ግን ከእኛ በብዙ ባች የምታንስ አንዲት ሐኪም ደወለችልኝ። «ዶክተር፣ ለስታቲስቲክስ ማስተርስ ሁለት ቦታ ተቀብለውኛል። እናቶች ለምን ቤታቸው እንደሚወልዱ፣ ውሳኔው የማን እንደሆነ ማጥናት ነው የምፈልገው። የቱን ልምረጥ?» አንዱ ስመ ጥር የሒሳብ ፋኩልቲ ውስጥ ያለ ነው፤ ሌላው ብዙም ስም የሌለው የማኅበራዊ ስታቲስቲክስ ክፍል። በስልክ የመለስኩላት የተዘበራረቀ ነበርና እዚህ በሥርዓቱ ልሞክረው። ጉዳዩ ታሪክ ስላለው አዘጋጆቹ አይቀየሙኝም።

ስታቲስቲክስ አንድ ትምህርት ይመስለናል እንጂ ሦስት ቦታ ነው ያደገው። አንዱ የእርሻ ማሳ ነው። ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1919 እንግሊዝ አገር ሮትሃምስቴድ ወደሚባለው የእርሻ ምርምር ጣቢያ ገባና ማሳውን በዕጣ እየከፋፈለ ማዳበሪያና ዘር የሚፈተንበትን ዘዴ አበጀ። በብዙ የስታቲስቲክስ ክፍሎች የሚሰጠው የሙከራ ንድፍ ትምህርት ከዚያ የመጣ ነው። ማሳ ጥሩነቱ አይንቀሳቀስም፤ «ባለቤቴ ካልፈቀደ መልስ አልሰጥም» አይልም።

ሁለተኛው ክሊኒኩ ነው፤ ይሄ የእኛ የሐኪሞቹ ነው። ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል ስትሬፕቶማይሲን ለሳንባ ነቀርሳ መሥራቱን በዕጣ በተመደቡ ሕሙማን ላይ ያሳየው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1948 ታተመ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ከሪቻርድ ዶል ጋር ሆኖ ሲጋራንና የሳንባ ካንሰርን አገናኘ። የሚገርመው፣ ሂል ሐኪም መሆን ፈልጎ ራሱ ሳንባ ነቀርሳ ይዞት ያልተሳካለት ሰው ነው፤ ዲግሪውን በኢኮኖሚክስ በተልእኮ ነው የጨረሰው። ሐኪሞችን ስታቲስቲክስ ያስተማረን የኢኮኖሚክስ ምሩቅ መሆኑን በክፍል ውስጥ ማንም አልነገረንም።

ሦስተኛው በር እያንኳኩ የሚሠራው ነው። ኖርዌያዊው አንደርስ ኪየር እ.ኤ.አ. በ1895 በርን በተደረገ ዓለም አቀፍ ስብሰባ ላይ «አገሩን ሁሉ ከመቁጠር በደንብ የተመረጠ ጥቂቱን መጠየቅ ይበቃል» የሚል ሐሳብ ሲያቀርብ ብዙዎቹ አልተቀበሉትም። በ1912 አርተር ቦውሊ ሬዲንግ ከተማ ውስጥ ከቤቶቹ ጥቂቱን ብቻ በተራ ቁጥር እየመረጠ ድህነትን አጠና። በ1936 ደግሞ ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ከሁለት ሚሊዮን በላይ መልስ ሰብስቦ ላንደን ሩዝቬልትን ያሸንፋል አለ፤ ሩዝቬልት በሰፊ ልዩነት አሸነፈ። ሁለት ሚሊዮን ሰው ተጠይቆ! መልሱን ያበላሸው የሰዉ ብዛት ማነስ ሳይሆን ማን እንደተጠየቀና ማን እንደመለሰ ነው።

ከዚህኛው ወገን እኔ የምወደው ሌስሊ ኪሽን ነው። ሃንጋሪ ተወልዶ አሜሪካ አደገ፣ በስፔን የእርስ በእርስ ጦርነት ተዋጋ፣ ከዚያ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ዕድሜውን ለናሙና አወጣጥ ሰጠ። ከ1961 ጀምሮም ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች በየዓመቱ ሥልጠና ያዘጋጅ ነበር። ጠያቂው በር ላይ ቆሞ ከቤተሰቡ ማንን እንደሚያነጋግር የሚያሳየውን ሰንጠረዥ በመስክ ሥራ ላይ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ፤ የእሱ ነው።

ኪሽን ያወቅሁት ግን ከተሳሳትኩ በኋላ ነው። ከተመረቅሁ በጥቂት ዓመት ሁለት ወረዳዎችን የሚያወዳድር የክትባት ጥናት ላይ ሠርቼ ነበር፤ በየወረዳው 30 መንደር፣ በየመንደሩ 7 ሕፃን፣ ያቺ የምናውቃት 210። ቁጥሩን ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገብቼ፣ አንዱ ወረዳ ከሌላው በእርግጥ ይበልጣል ብዬ ጻፍኩ። በዚያ ወረቀት ምክንያት ከ«ደህናው» ወረዳ ሁለት ክትባት ሰጪዎች ተነሥተው ወደ ሌላው ተዛወሩ። በኋላ ነው የገባኝ፦ የአንድ መንደር ሰባት ሕፃናት ሰባት የተለያዩ ምስክሮች አይደሉም። ያው አንድ መንገድ፣ አንድ ጤና ኬላ፣ አንድ ክትባት ሰጪ ነው ያላቸው። የዘዴው አውጪዎችም ይህን አስበውት፣ በቀላል ዕጣ ቢሆን 96 ሕፃን ይበቃል ከሚለው ስሌት ተነሥተው በሁለት ያባዙት ለዚህ ነው። ስለዚህ የእኔ 210 በመረጃ ክብደቱ 105 ገደማ ብቻ ነበር። እንደገና ባሰላው ልዩነቱ ከዕጣ ጨዋታ የማይለይ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱ ሰዎች ግን አልተመለሱም፤ እኔም ሄጄ «ተሳስቻለሁ» ያልኩት ከዓመት በላይ ቆይቼ ነው።

እንግዲህ ለልጅቷ፦ የዩኒቨርሲቲውን ስም ትተሽ የኮርሱን ዝርዝር አውጪና መረጃው ከየት ይመጣል ብለው እንደሚያስቡ እዪበት። ሁሉም ምሳሌ እርስ በእርሱ በማይነካካ ንጹሕ ናሙና ላይ የሚሠራ ከሆነ የማሳው ልጆች ናቸው። የሙከራ ንድፍና የሕልውና ትንተና ከበዛበት የክሊኒኩ ነው፤ መድኃኒት ለሚፈትን ግሩም ነው። አንቺ የምትፈልጊው ናሙና አወጣጥ፣ ክብደት አሰጣጥ፣ መንደርን ከግለሰብ የሚለይ ሞዴል፣ ሳይመልሱ የቀሩትን ሰዎች እንዴት እንደሚይዙ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የጥያቄ አቀራረጽ ነው። «ውሳኔው የማን ነው?» ብለሽ አማቷ አጠገቧ ተቀምጣ ብትጠይቂያት ምን ትመልስልሻለች? ይህን የትኛውም ቀመር አያስተካክለውም። የድሮ ተማሪዎቻቸው የመመረቂያ ጽሑፍ ካለ ጠይቂና አንብቢ፤ ጠያቂ ሆኖ ቤት ለቤት የዞረ መምህር መኖሩንም ጠይቂ።

ግን ሒሳቡን አትሽሺ። እዚህ ላይ ከአንዳንድ ጓደኞቼ ጋር አልስማማም። ፕሮባቢሊቲና የግምት ንድፈ ሐሳብ የሌለው «ተግባራዊ» ማስተርስ የሶፍትዌር ሥልጠና ነው፣ እሱን አዲስ አበባ ሁለት ሳምንት ተቀምጠሽ ታገኚዋለሽ። እኔ ሠላሳ ዓመት አልፎኝ፣ ተረኛ ባልሆንኩበት ሌሊት የ12ኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፍ ነው እንደገና የጀመርኩት። ኢንተግራል እንደ አናቶሚ በሽምደዳ አይሄድም፤ ተናድጄ መጽሐፉን የዘጋሁበት ሌሊት ብዙ ነው።

አገራችን የመጀመሪያውን አጠቃላይ የሕዝብ ቆጠራ ያደረገችው በ1976 ዓ.ም. ነው፤ የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000። አብዛኞቻችን ከምርቃት በኋላ የጠቀስነው አኃዝ ከእነዚህና ከተከታዮቻቸው የተቀዳ ነው፤ ናሙናው እንዴት እንደወጣ የሚገልጸውን አባሪ ግን ስንቶቻችን ከፍተን አየን?

ትናንት ማታ እንደገና ደውላ ነበር። የሁለቱንም ኮርስ ዝርዝር በስልኬ ልካልኝ አብረን አየነው። የስመ ጥሩ ፋኩልቲ ዝርዝር ውስጥ ስለ ናሙና ያለው አንድ የምርጫ ኮርስ ነው፣ እሱም በየሁለት ዓመቱ የሚሰጥ። ዝም አለች። ከዚያ «ዶክተር፣ ያ የ12ኛ ክፍል መጽሐፍ አሁንም አለዎት?» አለችኝ። አለ፤ ቅዳሜ መጥታ ትወስደዋለች።