የንብርብር ሥርዓትና የፍጥነት ጥያቄ፦ ከኢንተርኔት ፕሮቶኮሎች ታሪክ



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ በንብርብር የተደራጀ የኔትወርክ ሶፍትዌር ሲዘገይ ጥፋቱ የንብርብሩ ነውን?

ቪንተን ሰርፍና ሮበርት ካን እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጽሑፍ ፓኬትን ማጓጓዝንም ሆነ በትክክል መድረሱን ማረጋገጥን ለአንድ ፕሮቶኮል ሰጥተው ነበር። ይሁንና ድምፅ በሚተላለፍበት ጊዜ የጠፋ ፓኬት ዳግመኛ እስኪላክ ቢጠበቅ ንግግሩ ይቋረጣል። በ1978 ቲሲፒና አይፒ እንዲለያዩ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነበር። ስለዚህ ድንበሩ የተሠመረው ለተጠቃሚው ምርጫ ለመስጠት እንጂ ለሥዕል ማማር አልነበረም።

ችግሩ የመጣው ሥዕሉ እንዳለ ወደ ፕሮግራም ሲገለበጥ ነው። ዴቪድ ክላርክ በ1982 ባወጣው ጽሑፍ፣ ንድፉን የሚከፍለው ድንበር በፕሮግራሙ ውስጥም የግድ ግድግዳ መሆን እንደማይገባው አስረዳ። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ተጠቃሚ ከሩቅ ኮምፒውተር ጋር ተገናኝቶ አንዲት ፊደል ይጽፋል። የላይኛው ንብርብር ወዲያው መልስ እንደሚሰጥ የማያውቀው ቲሲፒ «ደርሶኛል» የሚል ፓኬት ብቻውን ይልካል፤ መልሱም በሌላ ፓኬት ይከተላል። ንብርብሮቹ ቢተዋወቁ ኖሮ አንድ ፓኬት ይበቃ ነበር።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ጥርጣሬው በራሱ በቲሲፒ ላይ አረፈ፤ በአዲስ ፕሮቶኮል ይተካ የሚሉም ተነሡ። አርፓኔት ከጥር 1 ቀን 1983 ጀምሮ ሲሠራበት የቆየው ፕሮቶኮል በግምት ብቻ ሊጣል ነበር ማለት ነው። ክላርክ፣ ቫን ጃኮብሰን፣ ጆን ሮምኪና ሃዋርድ ሳልዌን ግን ከመፍረድ በፊት ቆጠሩ። በ1989 ባሳተሙት ጥናት፣ በተለመደው ሁኔታ አንድን ፓኬት ለማስተናገድ ቲሲፒ የሚፈልገው ጥቂት መቶ ትእዛዞችን ብቻ እንደሆነ አሳዩ። ከባዱ ወጪ የተገኘው ዳታን ከማህደረ ትውስታ ደጋግሞ በማንበብና በመቅዳት፣ የስሕተት መፈተሻውን ድምር በማስላትና በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሥራ ላይ ነበር። በማግስቱ ዓመት ክላርክና ዴቪድ ቴነንሃውስ፣ የተለያዩ ንብርብሮች በዳታው ላይ የሚያከናውኑት ሥራ በአንድ ንባብ እንዲጠቃለል ሐሳብ አቀረቡ። የንድፉ ድንበር ሳይፈርስ አሠራሩ ተቀየረ።

ተማሪዎቼ፣ ፕሮግራማችሁ ሲዘገይ አስቀድማችሁ ለኩ። ልኬቱ ግድ ካላችሁ በዚያ ቦታ ብቻ በር ክፈቱ፤ የከፈታችሁበትንም ምክንያት ጻፉ። ምክንያቱም ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ጠጋኝ ሁለቱን ንብርብሮች አንድ ላይ ለማንበብ ይገደዳል።