ቤቱ በማን ስም ነው?

በማኅበራችን የብድር ማመልከቻ ቅጽ ላይ ዘንድሮ አንድ መስመር ጨምረናል፤ «የሚገዛው ወይም የሚታደሰው ቤት ሰነድ በማን ስም ነው?» የሚል። ቅጹን የምናስሞላው የሒሳብ ክፍሉ ሰዎች ስለሆንን ቅሬታውም የደረሰው ለእኛ ነው። አንዲት እናታችን «ልጄ፣ ሰባት ልጅ ያሳደግሁበት ቤት ደግሞ የማን ሊሆን ነው?» ብለውናል። መልሱ በአንድ ቃል የሚያልቅ ስላልሆነ፣ አባሎቻችንም ከሩቅ የሚደግፉን ወዳጆቻችንም እንዲያውቁት፣ በዚህ ዕትም ነገሩን ከሥሩ ልንጽፈው ወሰንን።

መስመሩን ያስጨመረን የአንዲት እህታችን ጉዳይ ነው። ስሟን አንጠራም፤ ታሪኳን እንድንጽፍ ግን ፈቅዳልናለች። ሳውዲ ሰባት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ በላከችው ገንዘብ፣ ጎብዬ ዳር፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ከአንድ ገበሬ ማሳ ላይ ቦታ ተገዛ፤ ባለ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤትም ተሠራበት። የገዛላት ወንድሟ ነው። ውሉ አንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ ሦስት ሽማግሌዎች በምስክርነት ፈርመውበታል። ስትመለስ ወንድሟ አግብቶ እዚያው ይኖር ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፤ አንዷን ክፍል ለቀቀላት። ወደ እኛ የመጣችው ሦስተኛ ክፍል ለመጨመር ብድር ፈልጋ ነው። ወረቀቱን ስናነበው ገዢ ተብሎ የተጻፈው ወንድሟ ብቻ ሆኖ አገኘነው። የባሰው ደግሞ የተሸጠው ነገር በሕግ የማይሸጥ መሆኑ ነው።

ይህ እንዴት ሆነ ለማለት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

በርስቱ ዘመን በእኛ አገር መሬት በአባትም በእናትም በኩል ይወረስ ነበር። ሴት ልጅም ከወንድሞቿ ጋር ድርሻዬን ልትል ትችል ነበር። አያቶቻችን ይህን ሲናገሩ ይኮራሉ፤ አይፈረድባቸውም። እንግሊዝ ውስጥ ያገባች ሴት ንብረቷን በራሷ ስም እንድትይዝ በሕግ የተፈቀደላት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1882 ነው። ነገር ግን ሴቷ ስትዳር ወደ ባሏ ቀዬ ትሄዳለች፤ በሬ ጠምዳ አታርስም። ስለዚህ ድርሻዋን ወንድሟ ያርሰዋል፣ ካልሆነም በእኩል ይሰጥና ከምርቱ የሚተርፈው ይደርሳታል። ርስቱ የእሷ ነው ይባላል፤ እርፉን የያዘው ግን ሌላ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሁለት ነገር ይዞ መጣ። አንደኛው ባልን የቤተሰቡ ራስና የጋራ ንብረት አስተዳዳሪ ማድረጉ ነው። ሁለተኛው እስከ ዛሬ የምንሠራበት አንቀጽ 1723 ነው፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት የሚተላለፍበት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት መመዝገብ አለበት ይላል። ሽማግሌ መፈረሙ ጥሩ ነው፤ መከባበርን ያሳያል። የዚህን አንቀጽ ግዴታ ግን አይተካም።

ከዚያ 1967 ዓ.ም. መጣ። የካቲት 25 የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሆነ። በአዋጅ ቁጥር 31 መሬቱን ራሱ ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ሰው ሁሉ፣ የጾታ ልዩነት ሳይደረግ፣ መሬት እንዲሰጠው ተደነገገ። በቅጥር ማሳረስ ሲከለከል እንኳ ሌላ መተዳደሪያ የሌላት ሴት ከክልከላው ውጭ ተደረገች። መሬት መሸጥና መለወጥ ግን ፈጽሞ ቀረ። ሐምሌ 19 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ተፈቀደ፤ የቦታው ስፋትም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። በወር ከ100 ብር በታች የሚከራዩት ትርፍ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። እኛ ሒሳብ ስንሠራ እስከ ዛሬ የምናስታውሰው አንድ ነገር ከዚያ ዓመት ይጀምራል፤ ከ1967 ወዲህ በኢትዮጵያ ቤት ሲሸጥ የሚሸጠው ግድግዳውና ጣራው ነው እንጂ መሬቱ አይደለም።

(በነገራችን ላይ፣ በዚያው በ1967 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፣ አሜሪካ ውስጥ አበዳሪዎች ሴትን በሴትነቷ ወይም በትዳሯ ምክንያት ብድር እንዳይነፍጓት የሚከለክል ሕግ ተፈርሟል። ከዚያ በፊት ደመወዝተኛዋም ሴት ቤት ልትገዛ ስትል የባል ፊርማ አምጪ የምትባልበት ጊዜ ብዙ ነበር። የራያ ሴት ብቻዋን አልነበረችም።)

አዋጁ ጾታ ሳይለይ ቢልም የገበሬ ማኅበሩ መዝገብ ላይ የተጻፈው በአብዛኛው የቤቱ አባወራ ነው። ባል ሲሞት ወይም ትዳር ሲፈርስ ሴቷ መዝገቡ ላይ የለችም። ይህ እንዲለወጥ ብዙ ዓመት ወሰደ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነና እንደማይሸጥ ደገመ፤ በአንቀጽ 35 ደግሞ ሴቶች መሬትን በመጠቀም፣ በማስተላለፍና በማስተዳደር ከወንዶች እኩል መሆናቸውን ጻፈ። በ1992 ዓ.ም. የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ተሻሻለ፤ ክልላችንም በ1995 ዓ.ም. የራሱን አወጣ። የፌዴራሉ ሕግ ባልን ከራስነት አውርዶ ሁለቱን እኩል አስተዳዳሪ አደረገ። በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው አለ፤ የጋራ ቤት ደግሞ ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም። ሰባት ልጅ ያሳደጉት እናታችን እንግዲህ በከፊል ትክክል ናቸው። ሰነዱ በባለቤታቸው ስም ቢሆንም በትዳር ውስጥ የተሠራ ቤት ነውና ሕጉ ይቆምላቸዋል። ለመቆም ግን ክርክር፣ ምስክርና የትዳር ማስረጃ ይጠይቃል። ስማቸው ሰነዱ ላይ ቢኖር ይህ ሁሉ ድካም አይኖርም ነበር።

ለገጠሩ ትልቁ ለውጥ በ1995 ዓ.ም. ገደማ በአማራ ክልል መሰጠት የጀመረው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ነው። በደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስም ይጻፋል፤ የሁለቱም ፎቶግራፍ ይለጠፋል። ለመታወቂያ እንኳ ፎቶ ተነሥተው የማያውቁ እናቶች ለመሬታቸው ተነሡ። በጦርነቱ ጊዜ ከአባሎቻችን መካከል ይህን ደብተር በመቀነታቸው ቋጥረው የሸሹ አሉ። አንዷ ሙሉ የቤት ዕቃዋ ተዘርፎ ደብተሩን ግን ይዛ ተመለሰች። ምን እንደያዘች ታውቅ ነበር።

አሁን ወደ እህታችን ወረቀት እንመለስ። ቦታውን የሸጠው ገበሬ ባለ ደብተር ነው፤ በደብተሩ ላይ ሚስቱም አለች። በሽያጭ ወረቀቱ ላይ ግን እሷም የለችም። ማሳውን ስታርም የኖረችውም፣ ገንዘቡን በስደት ያመጣችውም ከአንድ ወረቀት ጎድለዋል። አምስት ወንዶች ፈርመዋል፤ ሻጭ፣ ገዢና ሦስት ምስክር። ይህን ስናስተውል ኮሚቴው ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም።

ሰዎች ለምን እንዲህ ዓይነት ቦታ ይገዛሉ? ሞኝ ስለሆኑ አይደለም። ጎብዬ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት፤ እንደ ሮቢትና እንደ ቆቦ ሁሉ አስፋልቱን ተከትላ ትረዝማለች። በስማችን የተጠራ፣ አቀንጭራን የሚቋቋም የማሽላ ዝርያ በ1992 ዓ.ም. ገደማ ወጥቶ ነበር፤ ዛሬ ማሽላ የነበረበት ማሳ ላይ ችካል ተተክሎ ይታያል። በሕጋዊ መንገድ ቦታ የሚገኘው በዋናነት በሊዝ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 721 ለመኖሪያ ቤት የ99 ዓመት የሊዝ ዘመን ይሰጣል፤ ቦታው በጨረታ ወይም በምደባ ይተላለፋል፤ ቅድመ ክፍያው ከጠቅላላው የሊዝ ዋጋ ከ10 በመቶ ማነስ የለበትም። ጨረታ ላይ የሚያሸንፈው ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ነጋዴና ውጭ ዘመድ ያለው ነው። እንጀራ እየሸጠች በሳምንት በሳምንት የምትቆጥብ እህታችን እዚያ መድረክ ላይ ቦታ የላትም። አዲስ አበባ ላይ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣ 30 በመቶው ለሴቶች ተለይቶ ነበር፤ እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ዕጣ የለም። የገበሬው ማሳ ግን ርካሽ ነው፤ ቅርብ ነው፤ ገንዘብ በእጅ ከተሰጠ በማግሥቱ ችካል ይተከላል።

ዕዳው የሚመጣው በኋላ ነው። ከተማው ሰፍቶ መሬቱ በፕላን ሲካተት፣ ካሣ የሚከፈለው በሕግ ለታወቀው ባለይዞታ ነው፤ ይኸውም ደብተሩ ላይ ስሙ ላለው። ገዢው ያለ ፈቃድ የሠራው ቤት እንዲፈርስ ቢታዘዝ የሚጠይቀው የለም። ባንክም ይህን ወረቀት በዋስትና አይቀበልም። በእኛ የሒሳብ ቋንቋ እህታችን የሰባት ዓመት ደመወዟን አውጥታ በመዝገብ ላይ የገባላት ንብረት የለም።

ኮሚቴው ውስጥ ተከራክረናል። ከመካከላችን «ሕጋዊ ሰነድ አምጪ ማለት ድሃ ሴት ቤት አይኑራት ማለት ነው» ያሉ ነበሩ፤ ይህን ቃል እስከ ዛሬ ከልባችን አላወጣነውም። ከሌላ አገር ያገኘነው አንድ ምሳሌ ረድቶናል። የባንግላዴሹ ግራሚን ባንክ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1984 የቤት ብድር ሲጀምር ቤቱ የሚሠራበት መሬት በተበዳሪዋ ሴት ስም እንዲሆን ጠየቀ። ባሎች መሬቱን ወደ ሚስቶቻቸው ስም አዛወሩ። ብድሩ ቤት ከመሥራቱ በፊት ስም አዛወረ ማለት ነው። የእኛ ብድር ያን ያህል ትልቅ አይደለም፤ ቢሆንም በእጃችን ያለው ጉልበት ይኸው ስለሆነ ልንጠቀምበት ተስማምተናል።

ስለዚህ ከአሁን በኋላ ማኅበራችን ደብተር ባለው የእርሻ መሬት ላይ ለሚገዛ ቦታ አያበድርም። ሕጋዊ ካርታ ያለው ቤት ለምትገዛ አባል ግን ከገንዘቡ በፊት አብረናት እንሄዳለን። ማዘጋጃ ቤት ሄደን ካርታው የሻጩ መሆኑን፣ ዕዳና እግድ የሌለበት መሆኑን እናጣራለን። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሚስቱ ወይም ባሏ ቀርበው እንዲፈርሙ፣ ካልሆነም ያላገባ ማስረጃ እንዲመጣ እንጠይቃለን። ውሉ እንዲመዘገብ፣ 2 በመቶው የቴምብር ቀረጥ ከመጀመሪያው በወጪው ውስጥ እንዲሰላ፣ ስም እስኪዛወር ድረስም የመጨረሻው ክፍያ እንዲቆይ እናደርጋለን። አቅሙ ለሌላቸው ደግሞ አዋጅ 721 በመንግሥት ለሚፈቀዱ የራስ አገዝ የመኖሪያ ቤት ግንባታዎች በምደባ ቦታ እንደሚሰጥ ስለሚፈቅድ፣ ተደራጅተን ለመጠየቅ የሚፈልጉ አባሎችን ስም መመዝገብ ጀምረናል። መቼ እንደሚሳካ ቃል አንገባም።

የእህታችን ነገር ገና አላለቀም። ወንድሟን ጠርተን አነጋግረነዋል። «ገንዘቡ የእሷ መሆኑን መቼ ካድሁ?» አለ፤ እውነቱን ነው፣ አልካደም። ቤቱ በእሷ ገንዘብ መሠራቱን በጽሑፍ አምኖ ፈርሟል፤ ሚስቱም አብራ ፈርማለች። ይህ ወረቀት የእርሻ መሬቱን ወደ ቤት ቦታ አይለውጠውም፤ ግን ስሟ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጻፈበት ነው። የሦስተኛው ክፍል ብድር አልተፈቀደላትም። ኮርፋለች፤ በሁለተኛው ወር ግን ወደ ስብሰባ ተመልሳ ለምደባው ከሚመዘገቡት መጀመሪያ ስሟን አስጻፈች፤ የአያቷን ስም ጭምር አስተካክለን እንድንጽፍ ሁለት ጊዜ አስነበበችን።