ካሴቱ ባሕር ዳር፣ ባለቤቱ ዋሽንግተን

ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ በ2013 ባሕር ዳር ውስጥ አሮጌ ካሴቶች ሲያገላብጥ አንዱን መርጦ ገዛ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1985 የተቀዳ፣ ከሞላ ጎደል በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ሙዚቃ ነው። ከፊት አኮርዲዮን ይሰማል፤ ከኋላው ኪቦርዶችና የማሽን ከበሮ አሉ። ስሙ «ሸሞንሟናዬ» ነው፤ የተጫዋቹ ስም ኃይሉ መርጊያ። ሰውየው የኃይሉን ስልክ ፈልጎ አሜሪካ ደወለ። በዚያ ጊዜ ኃይሉ ከዋሽንግተን ዲሲ ወጣ ብሎ ባለው በዳለስ አየር ማረፊያ መንገደኛ የሚያመላልስ የታክሲ ሹፌር ነበር። ዕድሜው ስልሳዎቹን አጋምሷል። ኪቦርዱን ከታክሲው ኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ያስቀምጥና ተራ ሲጠብቅ አውጥቶ ይለማመድ ነበር።

ይህን ታሪክ ብዙዎች «የተረሳው ሙዚቀኛ ተገኘ» እያሉ ጽፈውታል። እኔ ግን አባባሉ አይዋጥልኝም። ኃይሉን የረሳው ማን ነው? ዋልያስ ባንድን የሚያውቅ የአዲስ አበባ ሰው አልረሳውም። ካሴቱም ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ከሱቅ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሱቅ ሲዘዋወር ኖሯል። ዕቃው ገበያ ላይ ነበር፤ ከገበያው የተቆረጠው ባለቤቱ ነው። ዕቃ ለምናሻግር ሰዎች ይህ ልዩነት ግልጽ ይመስለኛል።

ከመነሻው እንያዘው። ኃይሉ በ1946 ሸዋ ውስጥ ተወልዶ በልጅነቱ አዲስ አበባ ገባ። አኮርዲዮን በራሱ ጥረት ተማረ፤ ኋላም ወደ ኤሌክትሪክ ኦርጋን ተሻገረ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቬነስ ክለብ ይጫወቱ ከነበሩት ጓደኞቹ ጋር ዋልያስ ባንድን መሠረቱ። ባንዱ በአዲስ አበባ ሒልተን ለዓመታት ተጫውቷል። ደርግ ሰዓት እላፊ ባወጀበት ዘመን ሙዚቃው ማታ ይጀመራል፤ በሩ ይዘጋል፤ እንግዳውም ሙዚቀኛውም እላፊው እስኪነሳ እዚያው ያነጋል። መውጣት ስለማይቻል ብቻ እስከ ንጋት የተጨፈረበት ዘመን ነው። ያን ሰዓት ሙሉ ለመሙላት ባንዱ ስንት ሙዚቃ ማወቅ እንዳለበት አስቡት።

የዘፈን ግጥም በሳንሱር በሚያልፍበት በዚያው ጊዜ፣ በ1977፣ ዋልያሶች «ቼ በለው» የሚባለውን የመሣሪያ ሙዚቃ አልበም በሸክላ አወጡ። «ሙዚቃዊ ስልት» ያለው እዚያ ላይ ነው፤ ሙላቱ አስታጥቄም በቫይብራፎን ተሳትፎበታል። ከዚያ በኋላ የሸክላ ዘመን አበቃ። በቀጣዩ ዓመት ኃይሉ ከዳህላክ ባንድ ጋር ጊዮን ሆቴል የቀዳው «ወደ ሐረር ጉዞ» በካሴት ወጣ።

ስለ ሸክላ ካነሳን አይቀር አንድ ነጋዴ ሳይጠቀስ አይታለፍም። በንጉሡ ዘመን ሙዚቃ በሸክላ ማሳተም ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተፈቀደ ሥራ ነበር። አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት የሙዚቃ ቤት ባለቤት በ1969 ክልከላውን ጥሶ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አሳተመ። በአገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ ቅጂውን ወደ ሕንድ ልኮ፣ አሳትሞ፣ ዕቃውን መልሶ አስገባ። አስመጪ እንደማለት ነው። በ1975 አገር ጥሎ አሜሪካ እስኪገባ ድረስ ከመቶ በላይ ሸክላ አወጣ። ዛሬ ዓለም «የኢትዮጵያ ወርቃማ ዘመን» የሚለው ሙዚቃ ጥሩ ድርሻ ያለው በዚህ ሰው ኪሳራና ድፍረት ላይ ነው። ራሱን የቻለ የሙዚቃ ንግድ በእኛ አገር የተጀመረው እንዲህ ነው።

በ1981 ዋልያስ ባንድ ለኢትዮጵያውያን ታዳሚዎች ሊጫወት አሜሪካ ሄደ። ጉዞው ሲያበቃ ከፊሎቹ ተመለሱ። ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላኩ ገብሬ እዚያው ቀሩ። ኃይሉ፣ ሞገስና መላኩ ዙላ የሚባል ባንድ አቋቁመው በየምግብ ቤቱና በየአዳራሹ ይጫወቱ ጀመር። ግን ስደተኛው ገና ጥቂት ነው፤ ትኬቱ ስምንት ሰው አያበላም። አንድ ሰው ብቻውን ባንድ መሆን የሚችልበት መሣሪያ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው።

መሣሪያዎቹን ትንሽ ላብራራ፤ ለሙዚቀኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ግን ብዙዎቻችን «ኦርጋን» ብለን ሁሉንም በአንድ ስም ስለምንጠራ ነው። ሮድስ የሚባለው የኤሌክትሪክ ፒያኖ ነው። ቁልፉን ስትመቱ ትንሽ መዶሻ ቀጭን የብረት ዘንግ ይመታል፤ ድምፁን ማግኔት ይይዘውና ወደ ማጉያ ይልከዋል። እንደ ደወል የሚያቃጭለው ድምፁ ከዚያ ነው። ለመድረክ የሚሠራው ሮድስ ወደ 60 ኪሎ ይመዝናል፤ ሁለት ሰው ያስጨንቃል። ሞግ ደግሞ ሲንተሳይዘር ነው፤ የሚመታ ነገር የለውም፣ ድምፁን የሚፈጥረው ከራሱ ከኤሌክትሪክ ነው። በ1970 የወጣው ሚኒሞግ በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ ያወጣል። ይህ ጉድለት ይመስላል፤ ለእኛ ሙዚቃ ግን ሲሳይ ነው። ዋሽንትም፣ መሰንቆም፣ የሰው ጉሮሮም በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ነው የሚያወጡት። በግራ በኩል ያለችው መዘውር ስትገፋ ድምፁ ሳይቆረጥ ከፍና ዝቅ ይላል፤ የመሰንቆ ተጫዋች ጣቱን በጭራው ላይ እንደሚያንሸራትተው። አምባሰልንና አንቺሆዬን በፒያኖ ስትጫወቱ የሚጎድለው ያ መንሸራተት ነው።

በ1983 ያማሃ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ዲ ኤክስ ሰባትን አወጣ። የድምፅ አፈጣጠሩን ዘዴ ያገኘው በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጆን ቻውኒንግ ነው። 32 ድምፆች ተዘጋጅተውለት፣ ክብደቱ 14 ኪሎ ገደማ ሆኖ፣ አንድ ሰው በብብቱ ይዞት ይሄዳል። በዓለም ከ150 ሺህ በላይ ተሸጧል። የ1980ዎቹን የሠርግ ካሴቶች የሚያስታውስ ሰው ድምፁን ያውቀዋል፤ ያ ብርጭቆ የሚመስል፣ ጥርት ያለ ኪቦርድ።

ኃይሉ በ1985 አንድ ትንሽ ስቱዲዮ ገብቶ ያደረገው እነዚህን ሁሉ ማገናኘት ነው። ሮድሱን፣ ሞጉን፣ ዲ ኤክስ ሰባቱንና የምት ማሽኑን አንድ በአንድ ቀዳ፤ በላያቸው ላይ የልጅነቱን አኮርዲዮን አስቀመጠ። በዚያ ጊዜ አኮርዲዮን ያለፈበት ነገር ነበር፤ የአባቶች መሣሪያ። የጃፓን ኮምፒውተር አጅቦት ሲጫወት ግን አሮጌውም አዲሱም አይመስልም። ካሴቱ ወደ አገር ቤት ገብቶ ተሸጠ። ከዚያ የሆነውን እናውቃለን፦ አንዱ ይገዛል፣ አሥሩ ይቀዳል፤ ሁለት ቴፕ ያለው ሁሉ አሳታሚ ነው።

በዋሽንግተን ኃይሉ ብቻውን አልነበረም። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1984፣ ቴዎድሮስ አክሊሉ፣ ሄኖክ ተመስገንና አበጋዝ ሺዎታ አድማስ በሚል ስም «ሰንስ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተባለ አልበም በራሳቸው ገንዘብ በሸክላ አሳትመው ነበር። ሲንተሳይዘሩና የምት ማሽኑ እዚያም አሉ፤ ልጆቹ የለመዱትን የአሜሪካ ፈንክ፣ ሬጌና የአገራቸውን ቅኝት አንድ ላይ ያቦካሉ። ጥቂት ቅጂ ታትሞ በጓደኛ እጅ ተሸጠ። አበጋዝና ሄኖክ ኋላ አዲስ አበባ ተመልሰው ሠርተዋል፤ ሸክላው ግን በሰብሳቢዎች ዘንድ ውድ ዕቃ ሆኖ ከርሞ በ2020 ፍሬደሪክስበርግ ሪከርድስ በተባለ ትንሽ አሳታሚ በድጋሚ ወጣ።

ዙላ ባንድ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተበተነ። ኃይሉ መድረክ መውጣት አቆመ፤ ታክሲ ያዘ። ግርማ በየነም በዚያው ከተማ ነዳጅ ማደያ ሠራ። ይህን የምጽፈው ለማሳዘን አይደለም። በሥራ ማፈር የእኛ የነጋዴዎች ጠባይ አይደለም፤ ታክሲ ቤት አቁሟል፣ ልጅ አስተምሯል፣ ለአገር ቤት ብር ልኳል። የሚቆጨው ሌላ ነው፦ እሱ አየር ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ ሙዚቃው ሲሸጥ፣ ሲገለበጥ፣ በሚኒባስ ሲሰማ ኖሯል፤ ከዚያ ሁሉ ለእሱ የደረሰ ሳንቲም የለም ማለት ይቻላል።

ሺምኮቪትዝን ብዙ ሰው እንደ መልአክ ያየዋል። እኔ በልኩ ልየው። ተማሪ ሆኖ ጋና ከኖረ በኋላ ከ2006 ጀምሮ የአፍሪካ ካሴቶችን ማንንም ሳያስፈቅድ በኢንተርኔት በነፃ ይለቅ ነበር። ስሙንም ያገኘው በዚያ ነው። በ2011 ግን መንገዱን ቀየረና አሳታሚ ድርጅት ከፈተ፤ ደንቡም ባለቤቱን ፈልጎ ማግኘት፣ መዋዋልና ትርፉን እኩል ለእኩል መካፈል ሆነ። «ሸሞንሟናዬ» በዚህ ውል በ2013 በሸክላ፣ በሲዲና በካሴት እንደገና ወጣ። ሃምሳ ለሃምሳ ለአሳታሚ ቀላል አይደለም፤ ማተሚያውም፣ ማጓጓዣውም፣ ማስተዋወቂያውም ገንዘብ ይበላል። ነገር ግን የሠራው ሰው ግማሹን ሲያገኝ ቀጥሎ የሚሠራበት አቅም ያገኛል። የኃይሉ ታሪክ ይህን በቁጥር ያሳያል፦ ከስልክ ጥሪው በኋላ አውሮፓንና አሜሪካን ዞሮ ተጫወተ፤ በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን አዲስ አልበም አድርጎ አወጣ። በ72 ዓመቱ ነው ላላ በሉ ያለው።

በነገራችን ላይ ከታናናሾቹም ያ የዋሽንግተን መንገድ አልተቋረጠም። እንደገና ሙሉ፣ ኢትዮጵያን ሪከርድስ በሚለው ስሙ፣ እና ሚካኤል ሰይፉ የመሰንቆና የዋሽንት ድምፅ በኮምፒውተር ሰባብረው እየገጣጠሙ የሠሩትን የመጀመሪያ ሥራዎቻቸውን ያሳተመላቸው 1432 አር የተባለ የዋሽንግተን ትንሽ አሳታሚ ነው። የሚካኤል «ያራዳ ልጅ» የወጣው በ2014 ነው። ሬዲዮ ላይ ብዙም አትሰሙትም፤ ግን ስሙት።

ሕጉስ? በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ ይህኛው ቁጥር በእኛው አቆጣጠር ነው። ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ማባዛትም መሸጥም ያስጠይቃል። ከዚያ በፊት በፍትሐ ብሔር ሕጉ ውስጥ የነበሩት አንቀጾች የካሴት ገልባጭን አላስፈሩም። ድንበር ሲሻገር ደግሞ ነገሩ ይከፋል፤ በአንዱ አገር የተመዘገበ መብት በሌላው ኬላ ላይ የሚጠይቅለት የለም።

ሆኖም የድንበር ተሻጋሪ ሰው ውለታም መነገር አለበት። በ1988 የሲያድ ባሬ አውሮፕላኖች ሐርጌሳን ሲደበድቡ የሬዲዮ ሐርጌሳ ሠራተኞችና ወዳጆቻቸው የድምፅ ቅጂዎችን መሬት ውስጥ ቀበሩ፤ ከፊሉንም ወደ ኢትዮጵያና ወደ ጅቡቲ አሻገሩ። ዛሬ ሐርጌሳ ባለው የባህል ማዕከል ከ10 ሺህ በላይ ካሴት ተቀምጧል። ኦስቲናቶ ሪከርድስ የተባለ አሳታሚ ከዚያ ክምችት መርጦ በ2017 ያወጣው የሶማሊ ሙዚቃ ስብስብ ለግራሚ ሽልማት ታጭቶ ነበር። ያንን ካሴት በዕቃ መሀል ሸሽጎ ያሻገረው ሰው ስሙ የትም አልተጻፈም፤ የእኛ ቢጤ ሳይሆን አይቀርም።

ስለዚህ ቤታችሁ፣ ሱቃችሁ፣ የአባታችሁ ሻንጣ ውስጥ የቆየ ካሴት ካለ ከመጣላችሁ በፊት ሽፋኑን እዩት። የተጫዋቾቹ፣ የአቀናባሪው፣ የሙዚቃ ቤቱ ስም፣ አንዳንዴም የፖስታ ሳጥን ቁጥርና ስልክ አለበት። ሽፋኑ ከጠፋ ባለቤቱም አብሮ ይጠፋል፤ ስለዚህ ካሴቱንና ወረቀቱን አትለያዩ፣ በሁለቱም በኩል በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ፀሐይና መኪና ውስጥ አታቆዩት። እርጥበት ከነካው በቴፕ ከመክፈታችሁ በፊት ይድረቅ፤ የላላውን ክር እንደ ድሮው በእስክሪብቶ አጥብቁት። ከካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ስበሩ፤ ያኔ ልጆች በስህተት ሌላ ነገር አይቀዱበትም።