የዛፍ መውጫ ገመድ፤ ከአንድ ቀለበት እስከ ሁለት ጫፍ

ሰው ራሱን ከዛፍ ጋር አስሮ የሚወጣበትን ብልሃት በጽሑፍ ካቈዩልን አንዱ በ79 ዓ.ም. (እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር) የሞተው ሮማዊው ፕሊኒዩስ ነው። «የተፈጥሮ ታሪክ» በተባለው ድርሰቱ በ13ኛው መጽሐፍ፣ የምሥራቅ ሕዝቦች የተጐነጐነ ቀለበት በራሳቸውና በተምሩ ግንድ ዙሪያ አድርገው በሚያስደንቅ ፍጥነት እንደሚወጡ ይገልጻል።

ይህ ቀለበት ለተምር ይበቃል፤ የተምር ግንድ ቅርንጫፍ የለውምና። ቅርንጫፍ በበዛበት ዛፍ ላይ ግን ወጪው ቀለበቱን ፈትቶ ከቅርንጫፉ በላይ መልሶ ማሰር ግድ ይሆንበታል፤ በዚያችም ቅጽበት ከሞት የሚጠብቁት እጁና እግሩ ብቻ ናቸው። እንግዲህ ችግሩ የገመዱ ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን ቅርንጫፉን የመሻገር ጉዳይም ነው።

መፍትሔው ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ገመዱን ባለሁለት ጫፍ ማድረግ ነው፤ አንዱ ጫፍ ከቅርንጫፉ በላይ ሳይታሰር ሌላው አይፈታም። ሁለተኛው ርዝመቱን እንደ ግንዱ ውፍረት ማስረዘምና ማሳጠር ነው። ለዚህም ኦስትሪያዊው ካርል ፕሩሲክ በ1931 ዓ.ም. (እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር) ለተራራ ወጪዎች ያሳወቀው ቋጠሮ ያገለግላል፤ ክብደት ሲያርፍበት ገመዱን አጥብቆ ይይዛል፣ ክብደቱ ሲነሣለት ይንሸራተታል።

ነገር ግን የቋጠሮው አያያዝ እንደ ገመዱ ውፍረትና እርጥበት ይለያያል። ስለዚህ አዲስ ገመድ አስቀድሞ ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ፣ በደረቅነቱም በእርጥብነቱም፣ በወጪው ሙሉ ክብደት ይፈተናል።

ከዚህ የሕዝብ ባህል አጥኚው የሚማረው አለ። በቤተ መዘክር የተሰቀለን ገመድ ርዝመትና አጐነጓጐን መመዝገብ ብቻ አይበቃም፤ በምን ዛፍ ላይ እንደ ዋለና ወጪው ቅርንጫፉን እንዴት ይሻገር እንደ ነበር ካልተጠየቀ፣ ገመዱ ይቀራል፤ ዕውቀቱ ግን ከባለሙያው ጋር ይቀበራል።