የጅቡቲ ሴቶች በሩጫ ሜዳ

የአንድ አገር የስፖርት ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚቈጠረው ሜዳሊያው ነው። ነገር ግን መንገድ የጠረገ ሰው ራሱ ከግቡ ባይደርስ እንኳ፣ ተከታዮቹ እርሱ በከፈተው በር ይገባሉና ስሙ ከታሪክ መዝገብ ሊፋቅ አይገባም። የጅቡቲ ሴቶች የአትሌቲክስ ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ከአዲስ አበባ ጋር በባቡር ሐዲድ የተሳሰረችው ጅቡቲ ነፃነቷን ያገኘችው በ1977 ነው። በ1984 በሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሰለፍ የላከችው የማራቶን ሯጮችን ነበር፤ ከእነርሱም ጃማ ሮብሌ ስምንተኛ ወጣ። በ1988 በሴኡል አሕመድ ሳላህ በማራቶን የነሐስ ሜዳሊያ አገኘ። ይህ ለትንሽ አገር ታላቅ ክብር ነው። ሆኖም ሁሉም ወንዶች ነበሩ።

ሴት ልጅ የጅቡቲን ስም ይዛ በኦሎምፒክ ሜዳ የቆመችው ከሎስ አንጀለስ 16 ዓመት በኋላ ነው። እርሷም በ2000 በሲድኒ በ800 ሜትር የተወዳደረችው ሮዳ አሊ ዋይስ ናት። የሮጠችበት ጊዜ ከሁለት ደቂቃ ተኩል ጥቂት የበለጠ ስለ ነበረ ከመጀመሪያው ማጣሪያ አላለፈችም። በዚያው ርቀት የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘችው የሞዛምቢኳ ማሪያ ሙቶላ 1 ደቂቃ ከ56.15 ሰኮንድ ነበር የፈጀባት።

ሙቶላም የአፍሪካ ልጅ ናት፤ በልጅነቷ ከወንዶች ጋር ኳስ ስትጫወት የተገኘች የድኻ ልጅ ነበረች። ነገር ግን በ1991 የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝታ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ኦሪጎን ሄደች፤ በዚያም እየተማረች በአሠልጣኝ እጅ ታነጸች። እንግዲህ ተሰጥዖ ብቻውን አይበቃም፤ የሚያየው ዓይንና የሚኰተኵተው እጅ ያስፈልገዋል።

ሮዳ ከከፈተችው በር ሌሎች ገቡ። በ2008 በቤጂንግ ፋቲያ አሊ ቡራሌ በ100 ሜትር፣ በ2012 በለንደን ዙራ አሊ በ400 ሜትር፣ በ2016 በሪዮ ካድራ መሐመድ ደምቢል እንዲሁም በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ ሱህራ አሊ መሐመድ በ1500 ሜትር ተወዳደሩ። ሁሉም ሯጮች መሆናቸውን ልብ ይሏል። ከእነርሱ መካከል ስለምን አንዲት የከፍታ ዘላይ አልተገኘችም? ከምክንያቶቹ አንዱ ግልጽ ነው። ለመሮጥ መንገድ ይበቃል፤ ለከፍታ ዝላይ ግን ሁለት ቋሚ፣ አንድ አግዳሚ ዘንግ፣ መውደቂያ ቦታ፣ ከሁሉም በላይ መምህር ያስፈልጋል። በተለይም አሜሪካዊው ዲክ ፎስበሪ በ1968 በሜክሲኮ በጀርባ የመዝለልን ስልት ለዓለም ካሳየ ወዲህ ወፍራም ፍራሽ የሌለው ትምህርት ቤት ይህን ስልት ሊያስተምር አይችልም፤ በጀርባ ወድቆ አሸዋ ላይ ማረፍ አንገት ያሰብራልና።

ይሁን እንጂ ዕቃ ማጣት መጨረሻ አይደለም። በ1948 በለንደን 1 ሜትር ከ68 ሳንቲ ሜትር ዘልላ፣ ከጥቁር ሴቶች የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘችው አሊስ ኮችማን፣ በትውልድ አገሯ በጆርጂያ በባዶ እግሯ በአፈር መንገድ እየሮጠች፣ በገመድና በእንጨት ራሷ በሠራችው መዝለያ ነበር የተለማመደችው። ችሎታዋን አይቶ የተቀበላት የተስኪጊ ትምህርት ቤት ነው። እርሷም በኋላ ራሷ መምህርት ሆነች፤ የተቀበለችውንም ለሌሎች አስተላለፈች።

ከሲድኒ እስከ ቶኪዮ ያለፉት 21 ዓመታት የሚያስተምሩት ይህን ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት እንጨት ተክሎ፣ ገመድ ወጥሮ፣ አሸዋውን ቈፍሮ አለስልሶ፣ በእግር የሚታረፍበትን የቀድሞውን የመቀስ አዘላለል ለሴቶች ልጆች ማስተማር የሚጠይቀው ገንዘብ ጥቂት ነው። የሚጠይቀው ትልቁ ነገር የመምህሩ ፈቃድ ነው። ሮዳ አሊ ዋይስ በሲድኒ የጐደላት ሰኮንድ በሲድኒ የጠፋ አይደለም፤ ከዚያ በፊት፣ በልጅነት ሜዳ የጠፋ ነው። የዛሬዪቱ ልጃገረድ ግን ያ ሰኮንድ ገና በእጅዋ አለ፤ ጠባቂውም መምህሯ ነው።