ሰሙ ሲጓዝ፣ ወርቁ ሲቀር

እኛ ቤት የቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፕ አለ። ባለፈው አጎቴ አንድ ስክሪንሾት ላከ፤ «በዝናብ ውኃ ላይ ቀረጥ ሊጣል ነው» የሚል። አክስቴ «እግዚኦ!» አለች። ሌላው እርግማን ጨመረ። እኔ ቀልዱን መጀመሪያ የለጠፈውን ገጽ ስለማውቀው ሳቅኩና «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ቀልድ ነው» ብዬ ጻፍኩ። መልሱ ወዲያው መጣ፦ «ቀልድ ከሆነ ለምን ቀልድ አይመስልም?»

እውነት ለመናገር መልስ አልነበረኝም። ጥያቄው ግን አዲስ አይደለም፤ ከ300 ዓመት በፊት አንድ ሰው ለዚሁ ጥያቄ መልስ አጥቶ ወህኒ ወርዷል። (የውጭ አገሩን ታሪክ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ።)

እንግሊዝ፣ 1702። ንግሥት አን ዙፋን ላይ ከወጣች ገና ዓመት አልሞላትም። ከመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ውጭ የሚያመልኩ ፕሮቴስታንቶች «ዲሰንተርስ» ይባላሉ፤ አክራሪ ቀሳውስት በየመድረኩ ያወግዟቸዋል። በዓመቱ መጨረሻ የጸሐፊ ስም የሌላት አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ወጣች። የምትለው ባጭሩ ይሄ ነው፦ መቀጮ ምን ያደርጋል? ሰባኪዎቻቸውን ስቀሉ፣ ተከታዮቻቸውን ከአገር አባርሩ፣ ነገሩም ያበቃል።

አንዳንድ አክራሪዎች «የልባችንን ተናገረ» ብለው ተደሰቱ። ዲሰንተሮቹ ደነገጡ። ቆይቶ ጸሐፊው ታወቀ፤ በኋላ «ሮቢንሰን ክሩሶ»ን የጻፈው ዳንኤል ዲፎ ነው። እሱ ራሱ ዲሰንተር ነበር! ያደረገው የአክራሪዎቹን ንግግር ወስዶ አንድ እርምጃ ወደፊት መግፋት ብቻ ነው፤ ፊታቸውን በመስታወት እንዲያዩ።

አዩት፤ ግን አልሳቁም። ያጨበጨቡት ስለተጋለጡ ተናደዱ፤ ወገኖቹ ደግሞ ስላስደነገጣቸው ተቀየሙት። መንግሥት ላስያዘው ሰው 50 ፓውንድ እንደሚሰጥ አስነገረ፤ ማስታወቂያው ጎባጣ አፍንጫውንና አፉ አጠገብ ያለችውን ትልቅ ጥቁር ነጥብ ሳይቀር ይዘረዝራል። ፓርላማው መጽሐፏን በአደባባይ አስቃጠለ። «ስላቅ ነው እኮ» ብሎ ማብራሪያ ቢጽፍም የሰማው የለም። በሐምሌ 1703 አንገቱንና እጆቹን በሳንቃ ቀዳዳ ውስጥ አስገብተው ሦስት ቀን ሕዝብ ፊት አቆሙት። ወደ እስር ቤት ተመለሰ፤ የጡብና የሸክላ ክዳን ፋብሪካውም ከሰረ።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። በመጽሐፏ ውስጥ «ይሄ ቀልድ ነው» የሚል ምልክት የለም። ያው ቃል ከአክራሪ ቄስ አፍ ቢወጣ ቅስቀሳ ነው፤ ከዲፎ እጅ ሲወጣ ስላቅ ነው። ልዩነቱ ወረቀቱ ላይ አይደለም ያለው። ማን እንደተናገረው፣ ለማን እንደተናገረው፣ ሰሚው ምን እንደሚያውቅ ላይ ነው።

ይሄን እኛ ከማንም በላይ ልናውቀው ይገባል። የሰምና ወርቅ ልጆች ነን። ድሮ ነገሥታት የሕዝቡን ስሜት ለማወቅ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር ይባላል፤ ከእረኛው ዘፈን ጀርባ ሌላ ነገር እንዳለ ስለሚያውቁ። አዝማሪ ቤት ስትገቡ አንዲት ስንኝ ወርዳ ቤቱ በሳቅ ሲፈነዳ ያልገባው ሰው ጎኑ ያለውን ይጠይቃል፤ ጎረቤቱም ይፈታለታል። ቅኔ ቤትም ተማሪው የሚቀመጠው ሰሙን ከወርቁ መለየት ሊማር ነው። ቀልዱ ቤት አለው፤ ፈቺም አለው።

ኢንተርኔት ላይ ግን ቀልዱ ከቤቱ ተነቅሎ ነው የሚጓዘው። በ2012 «ዘ ኦኒየን» የተባለው የአሜሪካ የስላቅ ጋዜጣ የሰሜን ኮሪያውን መሪ ኪም ጆንግ ኡንን «የዓመቱ እጅግ አማላይ ወንድ» ብሎ ሰየመው። የቻይናው «ፒፕልስ ዴይሊ» ድረ ገጽ ዜናውን እንደ እውነት ተቀብሎ 55 ፎቶ ጨምሮ አወጣው። የአንድ ትልቅ ጋዜጣ ድረ ገጽ እንዲህ ከተሸወደ በአጎቴ መፍረድ ይከብዳል። በ2014 ፌስቡክ በእንዲህ ያሉ ጽሑፎች ላይ «ስላቅ» የሚል ምልክት መሞከር ጀምሮ ነበር። ሲታሰብ ግን ያስቃል፤ ቅኔውን ከመቀኘቱ በፊት «ወርቁ ይሄ ነው» ብሎ የሚጀምር ባለቅኔ አይታችኋል?

ከዚያ 2016 መጣ። ፖል ሆርነር የተባለ አሜሪካዊ የታወቀውን የኤቢሲ ዜና የሚመስል አድራሻ ያለው ገጽ ከፍቶ፣ የዶናልድ ትራምፕ ተቃዋሚዎች ለሰልፍ 3,500 ዶላር ይከፈላቸዋል ብሎ ጻፈ። የትራምፕ ልጅ ኤሪክ ሳይቀር አጋራው። ሆርነር ሲጠየቅ «ስላቅ ነው፤ አጣርተው ያፍራሉ ብዬ ነበር» አለ። ማንም አላጣራም። ከማስታወቂያ በወር 10,000 ዶላር ያህል እንደሚያገኝም ራሱ ተናግሯል።

ዲፎና ሆርነር ሁለቱም «ቀልዴን ነው» አሉ። አንዱ በቀልዱ ከሰረ፤ ሌላው አተረፈ። ለኔ ግን ዋናው ልዩነት ገንዘቡ አይደለም። ስላቅ በመጨረሻ እንዲፈታ ይፈልጋል፤ ካልተፈታ ከሽፏል። ውሸት ግን የተፈታ ዕለት ይሞታል። የሌላ ሚዲያ አድራሻ የለበሰ «ቀልድ» መፈታት አይፈልግም። እርግጥ ዲፎም ስሙን ደብቆ ሰው አስደንግጧል፤ መስመሩን እሱም ረግጦታል።

ነገሩ ለኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 (ይሄኛው በኛ አቆጣጠር ነው) የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ይከለክላል፤ ለፖለቲካ ትችትና ለኪነ ጥበብ ግን በር ይተዋል። በሩ መኖሩ ጥሩ ነው። ግን በሩ ላይ ቆሞ «ይሄ ጥበብ ነው፣ ይሄ ውሸት ነው» የሚለው ማነው? የዲፎ ዳኞችም ስላቁን ሳያስቡበት የቀሩ አይመስለኝም፤ የተሰደበው የነሱ ወገን ሆኖባቸው እንጂ። በሌላ በኩል ደግሞ በብሔር ወይም በሃይማኖት ላይ የተወረወረች አንዲት «ቀልድ» ምን ልታመጣ እንደምትችል የማያውቅ አንባቢ እዚህ ያለ አይመስለኝም። ዳኛው እንዳይስት ብቻ ሳይሆን እኛም እንዳንስት መስጋት አለብን።

አበው «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» ይላሉ። ስክሪንሾት ሲላክላችሁ የምትጨምሩት ሐሳብ ቀላል ነው፦ ከየት ገጽ ተነቀለ? ማንን ነው የሚነካው፣ ጉልበተኛውን ወይስ ደካማውን? ቢፈታ የሚያፍረው ማነው?

ለአጎቴ በመጨረሻ የገጹን ሊንክ ላኩለት። ግማሽ ሰዓት ዝም አለ። ከዚያ የሳቅ ምልክት ላከና «ለካ ሌላም አለው» አለ። አክስቴ ግን ስክሪንሾቱን ለዕድሯ ሴቶች ልካው ቆይታለች። ሊንኩን ለነሱም እንድትልክ ለመንኳት። «እሺ» ብላለች፤ እስካሁን አልላከችም።