መርፌው ሲከብድ

በማኅበራችን «ከእንግዲህ ምን ልጀምር?» የሚሉ እናቶች አሉን። ለእነሱ የአንዲት አሜሪካዊት ገበሬ ታሪክ እናካፍል።

ዓለም «አያት ሞዝስ» የሚላቸው አና ሜሪ ሮበርትሰን ሞዝስ እ.ኤ.አ. በ1860 በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ተወለዱ። በ12 ዓመታቸው ሰው ቤት ተቀጠሩ፤ ከወለዷቸው 10 ልጆች 5ቱን በሕፃንነታቸው ቀበሩ። በእርጅና እጃቸውን ቁርጥማት ይዞት ጥልፍ ሲያቅታቸው፣ በእህታቸው ምክር ብሩሽ አነሡ። የሥዕል ትምህርት ሳይማሩ የልጅነት መንደራቸውን፣ በረዶውንና አዝመራውን በትንንሽ ሰሌዳ ላይ በዘይት ቀለም ሣሉ። በገበሬዎች ትርኢት ማርማላታቸው ተሸለመ፤ ሥዕላቸው ግን ምንም አላገኘም። በ1938 አንድ ሥዕል ሰብሳቢ በመድኃኒት ቤት መስኮት አይቶ በ3 እና በ5 ዶላር ገዛቸው። በ1940፣ በ80 ዓመታቸው፣ በኒው ዮርክ ከተማ ለብቻቸው ትርኢት አቀረቡ። በ1952 ትዝታቸውን በመጽሐፍ አሳተሙ፤ በ1961 በ101 ዓመታቸው አረፉ።

የማኅበሩን ሂሳብ ለምንይዘው ለእኛ የ3 ዶላሩ ነገር ይቆረቁረናል። ሥዕሉ መስኮቱ ላይም ያው ነበር፤ የጎደለው የሚያየው ሰው ነው። እናቶቻችን በሠሩት ጥልፍና ስፌት ላይ ዋጋ ስንጽፍ የክሩን ብቻ ሳይሆን የእጃቸውንም እንቁጠር።